ወንዶች ነርሲንግ እንዲጀምሩ ብቻ ሳይሆን እንዲጨርሱም ምን እናድርግ?

የነርሲንግ ትምህርት ቤት የምትመሩ፣ የምታስተምሩ ወይም ተማሪ የምትመለምሉ ከሆነ እስኪ ክፍላችሁን አንዴ ቃኘት አድርጉት። ወንዶቹ ስንት ናቸው? አንደኛ ዓመት ላይ አብረዋቸው የጀመሩትስ ሁሉም አሉ? ከመጀመሪያው ጥያቄ ይልቅ ሁለተኛው እንዲያሳስባችሁ እፈልጋለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት መሠረት በዓለም ላይ ወደ 28 ሚሊዮን የሚጠጉ ነርሶች ነበሩ። ከነሱ 90 በመቶ ያህሉ ሴቶች ነበሩ። ያው ሪፖርት የነርስ እጥረቱን 5.9 ሚሊዮን ብሎ ገምቶታል። ሙያው ሰው ያንሰዋል፣ ከሰው ልጅ ግማሹ ደግሞ በሩን እንኳ አያንኳኳም። አንኳኩቶ ከገባውም ውስጥ ሳይጨርስ ሹልክ ብሎ የሚወጣ አለ።

አብዛኛው ትምህርት ቤት ጉልበቱን የሚጨርሰው ምልመላ ላይ ነው። ፖስተር ያሠራል፣ ቪዲዮ ይለቃል፣ ወንዶች ሲመዘገቡ ደስ ይለዋል። ከዚያ ያ በስንት ልመና የመጣ ልጅ የማዋለጃ ክፍል ልምምዱ ሲደርስ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ስለዚህ ስለ ምልመላው በአጭሩ እላለሁ፣ ሰፊውን ቦታ ግን ለማቆየቱ እሰጣለሁ።

መጀመሪያ ታሪኩን አስተምሩ

ይሄ ምንም ወጪ የለውም። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

ብዙ ሰው ነርሲንግ ከጥንት ጀምሮ የሴት ሥራ ብቻ የነበረ ይመስለዋል። አይደለም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ጣሊያን ውስጥ ካሚሉስ ዴ ሌሊስ የሚባል ሰው በሽተኛ ለማስታመም የተሰለፉ ወንዶችን ማኅበር መሠረተ፤ ልብሳቸው ላይ ቀይ መስቀል ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1860 የፍሎረንስ ናይቲንጌል ትምህርት ቤት ለንደን ላይ ሲከፈት የሚያሠለጥነው ሴቶችን ነበር። ለሴቶች የተከበረ ሙያ አስገኘላቸው፣ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ያን አርአያ የተከተሉት ትምህርት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ለወንዶች ዝግ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ወንዶች የሚማሩት ለብቻቸው ነበር፤ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1888 ኒው ዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ውስጥ በተከፈተው የሚልስ ትምህርት ቤት። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1919 ባወጣችው ሕግ የነርሶች መዝገብ ስትጀምር ወንዶችን በተለየ መዝገብ ነበር ያሰፈረቻቸው፣ ይህም እስከ 1949 ቆየ። የአሜሪካ ጦር የነርሶች ክፍል ወንድ ነርስን በመኮንንነት የተቀበለው በ1955 ነው።

አንድ ታሪክ ደግሞ በተለይ ይነገራቸው። ጆ ሆጋን የሚባል አሜሪካዊ ሚሲሲፒ ውስጥ ባለ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ ነርሲንግ ለመማር አመለከተ። ብቃቱ ነበረው፣ ወንድ ስለሆነ ብቻ ከለከሉት። ክፍል ገብተህ ማዳመጥ ትችላለህ፣ ውጤት ግን አይያዝልህም ተባለ። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ1982 በ5 ለ4 ድምፅ ረታ። ውሳኔውን የጻፉት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ክልከላው ነርሲንግ የሴት ብቻ ሥራ ነው የሚለውን የተዛባ አመለካከት የሚያጸና መሆኑን በግልጽ አስቀምጠዋል። «አዳምጥ ግን አትሳተፍ» የሚለውን ነገር ያዙልኝ፤ ዛሬም በሌላ መልኩ አለ፣ ወደታች እንደርስበታለን።

ይሄን የሰማ ተማሪ ራሱን እንደ እንግዳ አያይም። ቻድ ኦሊን የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2004 ወንድ የነርሲንግ ተማሪዎች ምን እንቅፋት እንደሚገጥማቸው ሲያጠና ካገኛቸው ነገሮች አንዱ የወንድ ነርሶች ታሪክ ክፍል ውስጥ አለመነሳቱ ነው። ሌሎቹም ደጋግመው የሚሰሙ ናቸው፦ መጽሐፉም መምህሩም ነርስን ሁልጊዜ በሴት ጾታ መጥራቱ፣ የማህፀንና ጽንስ ልምምድ ላይ የተለየ አያያዝ፣ በሽተኛን እንዴት መንካት እንዳለባቸው የሚነግራቸው መጥፋቱ።

ምልመላው ላይ

የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ላይ ብቻ አታተኩሩ። ወደ ነርሲንግ ከሚመጡት ወንዶች ብዙዎቹ ሌላ ሥራ ሞክረው የመጡ ናቸው። አምቡላንስ ላይ የሚሠሩ፣ በጦር ሠራዊት የሕክምና ክፍል ያገለገሉ፣ ሆስፒታል ውስጥ በረዳትነት ወይም በላብራቶሪ የተቀጠሩ፣ የታመመ ወላጅ ለረጅም ጊዜ ያስታመሙ። እነዚህ ሰዎች የበሽተኛ አልጋ አይተዋል፣ ሥራው አያስደነግጣቸውም። እዚያው ሥራ ቦታቸው ሄዳችሁ አናግሯቸው።

መልእክታችሁን ደግሞ ፈትሹት። እ.ኤ.አ. በ2002 ኦሪገን ውስጥ «ነርስ ለመሆን ወንድነቱ አለህ?» የሚል ፖስተር ወጥቶ በጣም ተወርቶለት ነበር። ሐሳቡ ይገባኛል፣ ሰው እንዲያይ አድርጓል። እኔ ግን አልጠቀምበትም። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ጡንቻ ላሳየ ሰው በሩን ይከፍታል፣ ዝምተኛውንና ርኅሩኁን ልጅ ግን «አንተን አይደለም» ይለዋል። ልጁ ከመጣም በኋላ የሚጠብቀው ሥራና የሚያገኘው ሥራ አይገናኙም።

ይልቅ ሥራውን እንዳለ አሳዩ። አንድ ወንድ ነርስ አልጋ አጠገብ ቁጭ ብሎ ለአንድ አዛውንት የኢንሱሊን አወሳሰድ ሲያስረዳ፣ መርፌውን ራሳቸው እንዲይዙት ሲያደርግ፣ ሲሳሳቱ በትዕግሥት ሲደግም። ቪዲዮ ከቀረጻችሁ ይሄን ቅረጹ። ሁሉም ወንድ ድንገተኛ ክፍል ወይም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሲሯሯጥ ብቻ አታሳዩ፤ ሕፃናት ክፍል የሚሠራውንም፣ ካንሰር ሕሙማንን የሚንከባከበውንም ጨምሩ።

ቤተሰብን አትርሱ። ልጁ ፈልጎ አባት «ለዚህ ነው ያስተማርኩህ?» ስለሚሉ የሚቀር አለ፣ ጓደኞቹ ስለሚስቁበት የሚቀርም አለ። የትምህርት ቤት ጉብኝት ስታዘጋጁ ወላጆችንም ጋብዙና ተግባራዊ ጥያቄዎቻቸውን መልሱ፦ ሥራ ያገኛል ወይ፣ ደመወዙ ስንት ነው፣ ወደፊት ምን ይሆናል። ከምረቃ በኋላ በአንስቴዥያ (ማደንዘዣ)፣ በአእምሮ ሕክምና፣ በኅብረተሰብ ጤና፣ በመምህርነት ወይም በምርምር መቀጠል እንደሚችል በግልጽ ንገሯቸው። ይሄን ደግሞ ከዲኑ ይልቅ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ወንድ ተማሪ ቢናገረው ይደመጣል። ወደ ድሮ ትምህርት ቤቱ ላኩት፣ ትራንስፖርቱን ቻሉለት፣ ንግግሩን እናንተ አትጻፉለት።

አንድ ወንድ ለብቻው አትመድቡ

ሮዛቤት ሞስ ካንተር የተባለች ምሁር እ.ኤ.አ. በ1977 የጻፈችው ነገር እዚህ ላይ በጣም ይጠቅማል። በአንድ ቡድን ውስጥ የአንድ ወገን ሰዎች ቁጥር 15 በመቶ አካባቢና ከዚያ በታች ሲሆን እነዚያ ሰዎች እንደ ግለሰብ ሳይሆን እንደ ወገናቸው ወኪል ይታያሉ። ሴቷ ብትሳሳት ተማሪ ተሳሳተች ይባላል። ወንዱ ቢሳሳት «ወንዶች እኮ ለዚህ ሥራ አይሆኑም» ይባላል። ቢቀር ወዲያው ይታወቃል፣ ጥያቄ ቢጠይቅ ሁሉም ዞር ብሎ ያየዋል። ይሄ ያደክማል።

ስለዚህ የልምምድ ቡድን ስትከፋፍሉ ያሉትን ጥቂት ወንዶች «ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ አንድ» ብላችሁ አትበትኗቸው። ፍትሐዊ ይመስላል፣ ግን ሁሉንም ብቸኛ ታደርጓቸዋላችሁ። ሁለት ሁለት አድርጉ። ከላይኛው ዓመት ወንዶች ጋር የሚገናኙበት ግሩፕ ይኑራቸው፤ ስልክ ላይ የሚጻጻፉበትም ቢሆን፣ በወር አንዴ የሚገናኙበትም ቢሆን። ወንድ ነርስ የሆነ መምህር ካለ ይግባበት፣ ከሌለ ከሆስፒታል ፈልጉ። አሜሪካ ውስጥ ከ1971 ጀምሮ የወንድ ነርሶች ማኅበር ያለው ለዚሁ ነው። ሜንተሩ፣ ማለትም ቀርቦ የሚመክራቸው ሰው፣ የግድ ወንድ ይሁን አልልም። ጎበዝ፣ ሰው የምታዳምጥ ሴት መምህርት ካለች እሷ ከግዴለሽ ወንድ መምህር ትበልጣለች።

ክፍል ውስጥና ዋርድ (የሕሙማን ክፍል) ውስጥ የሚሰለቹ ነገሮች

ትንንሽ ናቸው፣ በየቀኑ ስለሚደጋገሙ ግን ሰው ያስመርራሉ።

«ና እስኪ ይሄን በሽተኛ አንሳልን።» አንድ ጊዜ ምንም አይደለም። አምስት ሴት ተማሪዎች መድኃኒት አዘገጃጀት እየተማሩ እሱ በተጠራ ቁጥር ወደ ሌላ ክፍል ከሮጠ ግን ትምህርቱ እያለፈው ነው፣ ወገቡም እየተጎዳ ነው። በሽተኛ ማንሳት በቡድንና በመሣሪያ የሚሠራ ሥራ ነው፣ ሁሉም ይማረው። የሚደባደብ በሽተኛ ሲመጣም «ወንዱን ጥሩት» አይባልም፤ ያልሠለጠነ ተማሪ ነው።

«ወንዶችስ ምን ትላላችሁ?» ብሎ ስለ ወንዶች ሁሉ መልስ መጠየቅም ይቅር። ስለ ወንዶች ስንፍና የሚቀለዱ ቀልዶችም ይቅሩ፣ መምህሩ ሲቀልድ ተማሪው መሳቅ ግዴታው ይሆንበታል። የፈተና ጥያቄዎቻችሁንና የልምምድ ቅጾቻችሁን አንድ ከሰዓት ቁጭ ብላችሁ እዩና ነርሱ ሁሉ «እሷ»፣ ሐኪሙ ሁሉ «እሱ» ከሆነ ቀላቅሉት። ዩኒፎርሙም በሱ ልክ መሰፋቱን፣ ልብስ የሚቀይርበት ክፍል መኖሩን አረጋግጡ፤ መጋዘን ውስጥ ልብሱን የሚቀይር ተማሪ ስለ ቦታው የሚነገረው መልእክት ግልጽ ነው።

በሽተኞች ደግሞ «ዶክተር» ይሉታል። እሱም ይሉኝታ ይዞት ዝም ሊል ይችላል። ከመጀመሪያው ቀን «ነርስ ነኝ፣ ዛሬ እኔ ነኝ የምከታተልዎ» ማለት አለማምዱት። ለበሽተኛው ደኅንነት ግድ ነው፣ ለልጁም ሙያውን በስሙ መጥራት ነው።

የማዋለጃ ክፍል

አሁን ዋናው ጋ ደረስን። ወንድ ተማሪዎችን አናግሩ፣ ሆዳቸውን የሚቆርጠው ይሄ ልምምድ ነው። የሚሆነውን ላሳያችሁ።

ሱፐርቫይዘሯ መጋረጃውን ገለጥ ታደርጋለች። ውስጥ ያለችው እናት ምጥ ይዟታል፣ ላብ በላብ ሆናለች። ልጁ ከኋላ ቆሟል። «ወንድ ተማሪ ነው፣ ይግባ እንዴ? ካልፈለግሽ ይቅር።» እናትየው ፊቷን ታዞራለች። «ይቅር።» መጋረጃው ይዘጋል። ሁለተኛው አልጋ ጋም እንደዚሁ። ልጁ ቀኑን ፋይል ሲያስተካክል ይውላል። ማምሻውን ቅጹ ላይ «ተመልክቷል» ተብሎ ይፈረምለታል።

እናትየዋ ጥፋት የለባትም። ጥያቄው ራሱ «እምቢ በይ» ብሏታል። ሰዓቱም ትክክል አልነበረም።

እንዲህ አድርጉ። ጥያቄው እናትየው ገና ስትገባ፣ ምጡ ሳይፋፋም ይቅረብ። የሚያቀርበውም ተረኛዋ ነርስ ወይም ሚድዋይፍ (አዋላጅ) ከተማሪው ጋር አብራ ቆማ፣ ረጋ ብላ ይሁን፦

«እህቴ፣ እንደምን አደርሽ? ዛሬ የምከታተልሽ እኔ ነኝ። እሱ የሦስተኛ ዓመት የነርሲንግ ተማሪ ነው፣ ከኔ ጋር ይሠራል። የደም ግፊትሽን ይለካል፣ የልጅሽን የልብ ምት ያዳምጣል፣ ምጡ ሲመጣ ወገብሽን ይደግፍልሻል። እኔ ከአጠገብሽ አልጠፋም። የማይመችሽ ነገር ካለ በማንኛውም ሰዓት ንገሪን፣ እናቆማለን። ይስማማሻል?»

ልዩነቱን አያችሁ? ማን እንደሆነ ሳይሆን ምን እንደሚሠራላት ነው የተነገራት። የማቆም መብቷም በእጇ ነው። በዚህ መልክ ስትጠየቅ የምትስማማ እናት ቁጥር ሌላ ነው። እምቢ ካለች ደግሞ እምቢታዋ ይከበራል፣ ማንም አያባብላትም፣ ተማሪውም ፊቱን አያጠቁርም። ያው ጥያቄ ለሴት ተማሪም ይጠየቅ፤ ፈቃድ ለወንድ ሲሆን ብቻ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

እምቢ ስትል የት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ወስኑ። የወለዱ እናቶች ክፍል ይሂድ። አራስ ሕፃን ይመርምር፣ ጡት ማጥባት ያስተምር፣ ደም መፍሰስ ይከታተል፣ ውጭ የሚጠብቀውን አባት ያነጋግር። ቅጹ ላይ የሚፈለገው ቁጥር ከሴቶቹ ጋር አንድ ይሁን። ካልሞላለት ቀን ይጨመርለት እንጂ «ለሱ ይለፈው» አይባል። ሳይሠራ የተፈረመለት ተማሪ ሆጋን ከተባለው «ግባና አዳምጥ» በምን ይለያል? ሲመረቅም አንዲት ነፍሰ ጡር ድንገት ብትመጣበት ይደነግጣል።

ልምምዱ ከመጀመሩ በፊት የክፍሉን ኃላፊዎች ሄዳችሁ አናግሩ። ደብዳቤ አይበቃም። ተማሪውን በር ላይ የሚያስቀረው ብዙ ጊዜ ከበሽተኛዋ ይልቅ ሠራተኛው ነው።

መንካትን እንደ ሙያ አስተምሩት

ወንድ ተማሪዎች በውስጣቸው የሚይዙት ትልቅ ፍርሃት ይሄ ነው፦ «ሴት በሽተኛ ስነካ በመጥፎ ቢተረጎምብኝስ?» ስለማይናገሩት ይሸሻሉ። ሴት ባልደረባ ይለምናሉ፣ ወይም በጣም ፈጥነው ይጨርሳሉ። ፍጥነቱ ራሱ ጥርጣሬ ያመጣል።

ስኪል ላብ (የተግባር መለማመጃ ክፍል) ውስጥ ደረጃ በደረጃ አለማምዷቸው። የልብ ምርመራውን ኢሲጂን ለምሳሌ ውሰዱ፣ ምክንያቱም ደረት መግለጥ አለበት። በሩ ወይም መጋረጃው ይዘጋል። «የልብዎን ሁኔታ የሚያሳይ ምርመራ ነው፣ ደረትዎ ላይና እግርና እጅዎ ላይ የሚጣበቁ ነገሮች አደርጋለሁ፣ ለአንዳንዶቹ ጡትዎን ትንሽ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል» ይላል፤ ከመንካቱ በፊት። ራሳቸው ከፍ ሊያደርጉት ይችሉ እንደሆነ ይጠይቃል። ካልቻሉ በእጁ ጀርባ ከፍ ያደርጋል፣ በመዳፉ አይደለም። ጨርቁን የሚያነሣው የሚሠራበትን ያህል ብቻ ነው፣ ወዲያው መልሶ ይሸፍናል። አጠገባቸው ሦስተኛ ሰው እንዲኖር ይፈልጉ እንደሆነ ይጠይቃል፤ እሱ ራሱም ካልተመቸው ሦስተኛ ሰው መጥራት መብቱ ነው። ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ማስገባት ሲሆን ደግሞ ሦስተኛ ሰው ሁልጊዜ ይጥራ። የሠራውንና አብሮት የነበረውን ሰው ይመዘግባል።

ይሄን ለሁሉም ተማሪ አስተምሩት፣ ሴቶቹም ወንድ በሽተኛ ያጋጥማቸዋል። ወንዶቹን ለብቻ ሰብስባችሁ ማስጠንቀቂያ ከሰጣችሁ ግን ፍርሃቱን አባሳችሁት።

አድልዎ አታድርጉ

ክሪስቲን ዊሊያምስ የተባለች የሶሲዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳየችው ነገር አለ፦ የሴት በሚባሉ ሙያዎች ውስጥ የሚገቡ ወንዶች ሳይፈልጉት እንኳ ወደ ላይ፣ ወደ አለቅነት ይገፋሉ። ትምህርት ቤት ውስጥም ይጀምራል። የክፍል አለቃ እሱ፣ በስብሰባ ተናጋሪ እሱ፣ ዋንጫ ተቀባይ እሱ። ለሴቶቹ ግልጽ በደል ነው። ለሱም ጥሩ አይደለም፤ ሕፃናት ክፍል መሥራት የሚፈልገው ልጅ «አንተማ ማኔጅመንት ነው የሚያምርብህ» እየተባለ ከሚወደው ሥራ ይርቃል፣ የክፍል ጓደኞቹም ቂም ይይዙበታል። የመግቢያ መስፈርትም አትቀንሱለት። ስኮላርሺፕ ከሰጣችሁ መስፈርቱ ለሁሉም ይታወቅ።

እርዳታ እስኪጠይቅ አትጠብቁ

ብዙ ወንድ ተማሪ ሲከብደው ዝም ይላል። የመጀመሪያው ፋርማኮሎጂ (የመድኃኒት ትምህርት) ፈተና ላይ ይወድቃል፣ ለማንም አይናገርም፣ ቀስ በቀስ መቅረት ይጀምራል። ስለዚህ ከአማካሪ ጋር መገናኘቱን ለሁሉም ተማሪ ግዴታ አድርጉት፣ በሴሚስተር ሁለቴ ቢሆን ጥሩ ነው። ሁሉም የሚሄድ ከሆነ መሄድ አያሳፍርም። «እንዴት ነህ?» ስትሉት «ደህና» ነው የሚላችሁ። «ባለፈው ሳምንት ዋርድ ውስጥ ያስቸገረህ ምን ነበር?» በሉት፣ ያወራል።

ከሥራ የመጡት ትልልቆቹ ደግሞ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ። የልምምድ ፕሮግራም ከሦስት ቀን በፊት ከነገራችኋቸው የሥራ ፈረቃቸውን መቀየር አይችሉም። የሴሚስተሩን መርሐ ግብር መጀመሪያ ላይ ስጡ። ይሄ ብቻውን የሚያተርፈው ተማሪ አለ።

ያቋረጡትን ጠይቁ

በየዓመቱ ስንት ወንድ እንደገባ ሳይሆን ከገባው ስንቱ እንደተመረቀ መዝግቡ፣ ከሴቶቹ ጋር አነጻጽሩት። መቼ እንደወጡም እዩ። ከማዋለጃ ልምምድ በኋላ ከሆነ ችግሩ የት እንዳለ ታውቃላችሁ፣ መጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ከሆነ ምልመላው ሥራውን በትክክል አላሳየም ማለት ነው።

ላቋረጠውም ደውሉለት። ያስተማረው መምህር ሳይሆን ውጤት የማይሰጠው ሰው ይደውልለት፣ አለበለዚያ «የግል ጉዳይ ነው» ብሎ ይዘጋዋል። ሦስት ነገር ይበቃል፦ ልትተወው ያሰብከው መቼ ነው፣ ያኔ ማን አናገረህ፣ ለመመለስ ምን ያስፈልግሃል። ሦስተኛውን ስትጠይቁ መልሱ በእጃችሁ ይኑር። ያለፋቸው ኮርሶች እስከ መቼ እንደሚያዙለት፣ ከየትኛው ሴሚስተር እንደሚቀጥል፣ ምዝገባው የት እንደሆነ አጣርታችሁ ደውሉ።